ስለ ጠመንጃ ንግድና ስለ ፈቃዱ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር)



ወደ ጽዳቱ ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላንሣ። ከሠፈራችን ልጆች አንዱ፣ በብረት ሥራ እጁ የተባረከ፣ የጠመንጃ መጠገኛና መሸጫ ለመክፈት አስቦ ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ጠየቀኝ። አልጻፍኩለትም። ተቀይሞኛል። አንዳንዶቻችሁም «ጸሐፊው የልጁን እንጀራ ዘጋ» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምክንያቴን በሁላችሁ ፊት ላስረዳ።

ይህ ንግድ ለከተማችን አዲስ አይደለም። ራምቦ የተባለውን ፈረንሣዊ ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፤ እንግዳ ሲጠይቀን ቤቱን እናሳያለን (ቤቱን እንኳ ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው ይባላል)። ግጥም መጻፉን ትቶ፣ በኤደን ለሚገኝ የንግድ ቤት ተቀጥሮ፣ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ገባ። በ1878 ዓ.ም. ደግሞ ላባቱ ከሚባል ሸሪኩ ጋር ሆኖ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ሊያደርስ ተነሣ። ብዙ አተርፋለሁ ብሎ ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ዕቃው ታጁራ ላይ እንዳለ የፈረንሣይ መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር ተስማምቶ መሣሪያ ማስገባትን ከለከለ። ለሚኒስትሩ አቤቱታ ተጽፎ፣ ፈቃድ ተገኝቶ፣ ግመል እስኪሰበሰብ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚህ መሐል ሸሪኩ ሞተ። በ1879 ዓ.ም. ራምቦ ብቻውን ሸዋ ሲደርስ የሟቹ አበዳሪዎች ከበቡት። የሟቹን ሠላሳ አራት ደብተሮች ሚስቱ እየረገመችው አቃጠለ፤ በኋላ የርስት ወረቀት በውስጡ እንደነበረበት ተነገረው። ንጉሡም ጠመንጃውን በጅምላ፣ ራሳቸው በቆረጡት ዋጋ ወሰዱና ላባቱ አለበት የተባለውን ዕዳ ቀንሰው ቀሪውን ሐረር ካሉት ከደጃዝማች መኮንን እንዲቀበል አዘዙለት። ሐረር በዚያው ዓመት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የተያዘች ናት። ሰውየው ከስሬአለሁ እያለ ሲጽፍ ኖረ።

እንግዲህ ባለ ካፒታሉ ፈረንጅ፣ ያውም ፈቃድ በእጁ ይዞ፣ እንዲህ ከሆነ የእኛ ልጅ በተከራየው አንድ ክፍል ምን ሊሆን ነው? ዛሬ በ2012 ዓ.ም. የወጣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። መያዝም ሆነ መሸጥ፣ መጠገንም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ነው። የእኛ ማኅተም ለድንኳንና ለወንበር ይሆናል እንጂ ለጠመንጃ አይሆንም። ልጁ ደብዳቤያችንን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ፈቃድ ያለው ቢመስለው፣ የፈረምኩት እኔ፣ የሚታሰረው እሱ።

ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ገና ሳይከፍት ሰው በማታ የአባቱን ምንሽር በጆንያ ጠቅልሎ «ቃታው አልሳብ አለኝ፣ የሻይ እሰጥሃለሁ» እያለ ይመጣበታል። አንዱ ጥይት እንደጎረሰ ነው የመጣው። በዚያች ክፍል ሦስት ታናናሾቹ ይተኛሉ! እባካችሁ፣ ጎረቤት ናችሁና ይሉኝታ ይዞት እምቢ ማለት አልቻለም፤ አትውሰዱበት።

እኔ በበኩሌ ሰኞ ጠዋት አብሬው ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ስለ ፈቃዱ ምን እንደሚጠየቅ ላስጠይቀው ቃል ገብቻለሁ። እስከዚያው የዕቃ ቤታችን በር ማጠፊያው ከወለቀ ቆይቷል፤ ሥራው ለእሱ ይሰጠው ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ።