ኳስ የሚቀልበው የበግ ውሻ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከአባላት አንዱ ያደረጉት ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ በግ እርባታ እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ስለ መኖና ስለ ማድለብ ሌሎች በሰፊው ስለሚያቀርቡ እኔ ስለ ውሻ ልናገር አልኩ። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ግድ የለም። እኔ ብዙ ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚሁ መንዝ በግ አርቢ የሆንኩ ሰው ነኝ። በሥራ ዘመኔ ስለ ውሻ የማውቀው ክትባቱን ብቻ ነበር።

እንደሚታወቀው ድሮ በጎቻችንን የሚጠብቁት ልጆች ነበሩ። ዛሬ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ይህም ደስ የሚያሰኝ ነው። ቀበሮና ጅብ ግን ትምህርት ቤት አልገቡም። በመሆኑም የውሻው ሥራ ከድሮው በዝቷል።

የእኔ ውሻ መከታ ይባላል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ከበጎቹ ጋር አሳደግሁት። ስድስት ወር ሲሞላው ጨዋታ አበዛ፤ የሚሮጥ ነገር ካየ አያስችለውም። አንድ ቀን የጎረቤቴን ግልገል እያባረረ ከገደል አፋፍ አደረሳት። ወደቀች፣ እግሯ ተሰበረ፣ መታረድ ግድ ሆነ። ጥርሱ አልነካትም ነበር፤ ለእሱ ጨዋታ ነው። ካሣ ይዤ ስሄድ ጎረቤቴ፣ «ጋሼ፣ ገንዘቡን እቀበላለሁ፤ ግን ዛሬ የእኔ ግልገል ናት፣ ነገ የሌላ ሰው። ውሻውን ያስወግዱት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሽማግሌዎች ገብተው እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጡኝ።

በመጀመሪያ አሰርኩት። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ማታ ሲፈታ ጭራሽ ባሰበት። ከዚያ አንድ ነገር አሰብኩ። በዌልስ አገር ባላ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1873 የእረኛ ውሾች ውድድር ተደርጎ ነበር። የእነዚያ አገር ውሾች በግ ይነዳሉ፤ መንዳት ማለት ደግሞ አደን ሆኖ ከመንከሱ በፊት የሚቆም ነው። የእኛ ውሻ ጠባቂ እንጂ ነጂ አይደለም። ሆኖም የሚሮጠውን የማባረር ፍላጎት በእኛም ውሻ አለ፣ በዱላም አይወጣም። እንግዲያው የሚባረረውን ነገር እኔ ልስጠው አልኩ።

እዚህ ላይ ስህተቴን ልናገር። የመጀመሪያውን ኳስ ከባና ከተረፈ የበግ ጸጉር ጠቀለልኩት። በሁለተኛው ቀን መከታ የበጉን ላት እያሸተተ ሲጎትት አገኘሁት! በግ በግ የሚሸት ነገር እንዲይዝ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ኳሱን አቃጥዬ ከአሮጌ ጨርቅ ሌላ ሰፋሁ። ልጆች የገና እሩር አመጡልኝ፤ ጠንካራ ስለሆነ ጥርስ ይሰብራል ብዬ መለስኩት። ድንጋይም እንደዚያው ነው፤ እንጨት ደግሞ ጉሮሮ ይወጋል።

ሲጀመር ኳሱን ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ አንከባልላለሁ። ሲያነሳው ስሙን ጠርቼ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ምስጢሩ ይህ ነው፤ ወደ እሱ ከሄዳችሁ ይዞ ይሮጣል፣ ከሸሻችሁ ይከተላል። «አምጣ» ማለት ያን ጊዜ ነው። እንቢ ካለ አንገቱ ላይ ረዘም ያለ ቀጭን ገመድ አለ፤ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው እንጂ አይገፈተርም። ከአፉ መንጠቅ ፈጽሞ አይገባም። ቁራሽ ቂጣ አሳያለሁ፣ አፉን ሲከፍት «ልቀቅ» እላለሁ፣ ቂጣውን ሰጥቼ ኳሱንም መልሼ እወረውርለታለሁ። መልቀቅ ጨዋታውን እንደማያጠፋበት ሲገባው በደስታ ይለቃል።

መቅለቡን የተማረው በቂጣ ነው። ቀለቡን ቀለበ ልበላችሁ። ከአንድ እርምጃ ላይ ወደ አፉ ቀስ ብዬ ወረወርኩ፤ መጀመሪያ አፍንጫውን መታው፣ ከቀናት በኋላ ግን ያዘው። ቡችላ ሳለ ወደ ላይ ማዘለል መገጣጠሚያውን ይጎዳል፤ አንድ ዓመት እስኪሞላው ኳሱ ከአናቱ በላይ አይለፍ። በአንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሳይሰለቸው ማቆም ነው። ኳሱ ለእሱ አይተውም፣ በእኔ ኪስ ያድራል።

ከዚህ ሁሉ የፈለግሁት «ልቀቅ»ንና «ተው»ን ነበር። በጎቹ ጉረኖ ውስጥ ሳሉ ከሩቅ አጫወትኩት፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀረብኩ። ወደ መንጋው ግን አንድም ቀን አልወረወርኩም። ከፋሲካ በፊት ግልገሎች ሲፈነጥዙ ተነሳባቸው። «ተው!» ስል ቆመ። «አምጣ» ስለው ዞሮ ኳሱን ፍለጋ ወደ ኪሴ መጣ። ሽማግሌዎቹ ዕድሜ ጨመሩለት። ጎረቤቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ አታምነውም፤ እኔም በመውለጃ ወቅት ሰው ከሌለ አስረዋለሁ።

ለኃላፊዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ጨዋታ እጅን ከውሻ ምራቅ ጋር ያገናኛል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በምራቅ ነው የሚተላለፈው። ቡችላ በሦስት ወሩ መከተብ አለበት፣ ከዚያም በየጊዜው ይደገማል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ሌላ መድኃኒት ሲፈለግ ቀን አይባክን። በሽታው ከውሾቻችን ወደ ጓሳ ቀይ ቀበሮም ይሻገራል። የበግ ክትባት ዘመቻ ሲወጣ የውሻውም አብሮ ቢመጣ፣ ዩኒየኑም ቢያስተባብር፣ ወጪው ከአንድ ጉዞ አይበልጥም።

ሌላው የበግ ጭንቅላት ነው። በአዙሪት የሞተ በግ አንጎል ለውሻ ከተጣለ ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ በኩሱ ሣር ላይ ይወድቃል፣ በግ ሲግጠው ወደ አንጎሉ ይወጣል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር፤ ለሽልማትም ቂጣ ይበቃል።

መከታ ከአዳራሹ ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ታስሯል። ከሻይ በኋላ ማየት የምትፈልጉ ኑ፣ ኳሱ በኪሴ ነው።