ራስጌው ላይ ያለን ሰዎች

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣
የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራንና የፓርክ ጥበቃ ሠራተኞች፣
ክቡራንና ክቡራት፤



የዛሬውን የመካነ ሰላም ዐውደ ጥናት መርሐ ግብር ያየ አንድ ወዳጄ «ፍላሚንጎን ደግሞ ቦረና ምን አመጣው?» አለኝ። አልተሳሳተም። እዚህ ወሎ ቦረና፣ በደንቆሮ ጫካ የምናውቀው ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ነው። የወሎዎቹ ሐይቅና አርዲቦም ውኃቸው ጨው የለሽ ስለሆነ ለዚህ ወፍ ገበታ አይሆኑም።

የፍላሚንጎ ገበታ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ አብያታ፣ ሻላና ጭቱ። ትንሹ ፍላሚንጎ ምንቃሩን ዘቅዝቆ ሶዳ የበዛበትን ውኃ እያጣራ ደቃቅ አልጌ ይመገባል። ጫጩቱ ሲፈለፈል ግራጫ ነው፤ ሮዝ ቀለሙን የሚያገኘው ቆይቶ፣ ከሚበላው ነው። የወፉ መልክ የውኃው መልክ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን አብያታን እንመልከት። ይህ ሐይቅ ተቀባይ እንጂ ሰጪ አይደለም፤ መውጫ የለውም። ከዝዋይ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ በሆራቀሎ የሚደርሰውን ይጠጣል። ዝዋይም በተራው የሚኖረው ከጉራጌና ከአርሲ ደጋ በሚወርዱት በመቂና በቀታር ነው። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ሲጠልቅ፣ አብያታ ግን ጥልቀት የለውም፤ ጥቂት ሲጎድልበት ዳርቻው ርቆ ይሸሻል።

ጎደለበትም። ራስጌው ላይ ለመስኖ ውኃ ተሳበ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ተቀዳ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ፣ ጉዳቱ ቀስ ብሎ መጣ። ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ ጎጆ እየሠራ ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይመላለስ የነበረው ፔሊካን ገበታው ታጠፈበት። ጨው ወዳዱ ፍላሚንጎ እንኳ ወሰን አለው፤ ውኃው ሸሽቶ ደረቅ ጭቃ ሲቀር የሚያጣራው የለውም።

ታዲያ ማሳውን ለማጠጣት ፓምፕ የተከለ ገበሬ ወፍ ላባርር ብሎ አልተነሣም። ከራስጌ ሆኖ ግርጌው አይታይም።

ክቡራንና ክቡራት፤

እኛ ደግሞ ራስጌ ነን። ከዚህ ደጋ የሚነሣው ጅረት በበሽሎና በወለቃ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ምንጭ አፍ ላይ ባሕር ዛፍ ስንተክል፣ ጨፌውን አጠንፍፈን ስናርስ፣ ማረሻችን ጅረቱ ከንፈር ሲደርስ፣ ከታች የሚጎድለውን አናይም። ቅርባችን ያለውን ግን ማየት እንችላለን፤ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ያለ ጨፌና ያለ ጅረት ዳር መኖሪያ የለውም።

ከዚህ ዐውደ ጥናት ረጅም ሪፖርት አልጠብቅም። ሽማግሌዎቻችን የደረቁትን ምንጮች በስም ይንገሩን፤ ባለሙያዎች በካርታ ያስፍሩልን፤ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የሚመጡትን ወፎች በየወቅቱ ይቁጠሩልን። ስንለያይ እያንዳንዱ ቀበሌ የሚከልለውን አንድ ጨፌ ወይም አንድ ምንጭ መርጦ ይሂድ።

በዚህ አደራ ዐውደ ጥናቱ በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።