የተላከ ሁሉ አይደርስም፤ የሥራ ኢሜይልና የወለጋ ከተሞች

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት በኢትዮጵያ የተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። አገሪቱም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ለደብዳቤ መድረስ ዋስትና ሆነው የኖሩት ትክክለኛ አድራሻና የታወቀ ላኪ ናቸው። በመሥሪያ ቤት ልማድም አንድ ወረቀት ደብዳቤ የሚባለው ወጪ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ኃላፊው ፈርሞበት፣ ክብ ማኅተም ሲያርፍበት ነው። ማኅተም የሌለውን ወረቀት መዝገብ ቤት አይቀበለውም።

ዛሬ ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎና ከሻምቡ ከሚወጣው የሥራ ደብዳቤ ብዙው በኢሜይል የሚላክ ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ሲመለስ ባለጉዳዩ ያየዋል፤ ማኅተም የሌለው ኢሜይል ግን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ስፓም ሣጥን ይወርዳል። ላኪውም «ተልኳል» የሚለውን ቃል አይቶ ልቡ ያርፋል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ መላክና ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛውም በጽሕፈት ቤት ሥርዓት የሚገኝ እንጂ በዕድል የሚሆን አይደለም።

የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም ከታወቀ ቆይቷል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህም መሥፈርቱን ያሟሉ አምራቾችና አቅራቢዎች ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ ዕድላቸው ሰፍቷል። ስለሆነም ቀድሞ በአመዛኙ በአዲስ አበባ ይከናወን የነበረው የደብዳቤ ልውውጥ ከዋና ከተማዋ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነቀምቴና ከእርሷም ባሻገር ባሉ ከተሞች ጭምር ይጀመራል። አንድ የጊምቢ አቅራቢ ናሙናውን ልኮ ዋጋውን በኢሜይል አቀረበ እንበል። መልእክቱ ሐምቡርግ ባለው ገዢ የስፓም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ገዢው «ከጊምቢ መልስ የለም» ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ አቅራቢውም «ገዢው ናቀኝ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የሚከስረው ግን ቡናው በመጋዘን የተቀመጠበት ነው።

የበር ጠባቂዎቹ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያውን መልእክት ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በላከበት ጊዜ የመረቡ ተጠቃሚዎች ጥቂቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመላኪያ ደንብም የላኪውን ማንነት አይመረምርም ነበር፤ ማንም ሰው የወደደውን ስም በፖስታው ጀርባ ቢጽፍ መልእክቱ ይጓዝለት ነበር። ያልተጠየቀ ማስታወቂያ በኢሜይል መላክ የተጀመረው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ማስታወቂያውን አጭበርባሪው ተከተለው፤ የታወቀ ነጋዴ ስም ተውሶ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ብሎ የሚጽፍም መጣ። ከዚህም የተነሣ ተቀባዮቹ ድርጅቶች ሦስት ማስረጃዎችን መጠየቅ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ኤስፒኤፍ ይባላል። ይህ ማለት አንድ ድርጅት በዶሜይኑ ይፋ መዝገብ ላይ «በስሜ ደብዳቤ እንዲያደርሱ የወከልኳቸው ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» ብሎ የሚያሰፍረው የመልእክተኞች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ዲኪም ሲሆን፣ ይህ ማኅተሙ ነው፤ ላኪው ሰርቨር በምሥጢር ቁልፍ ያትማል፣ ተቀባዩም በመዝገቡ ላይ በተገለጸው ቁልፍ ያመሳክራል። የታተመበት ቃል በመንገድ ላይ ቢለወጥ ማኅተሙ ይሰበራል። ሦስተኛው ዲማርክ በተቀባዩ ዐይን የሚታየው የላኪ ስም በዝርዝሩ ወይም በማኅተሙ ከተመሰከረለት ስም ጋር እንዲስማማ ይጠይቃል፤ ባይስማማም ደብዳቤው ይለፍ፣ ይገለል ወይስ ይመለስ የሚለውን የባለቤቱን መመሪያ ይናገራል።

ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 አንሥቶ ማንኛውም ላኪ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አንዱን፣ ብዙ መልእክት የሚልኩ ደግሞ ሦስቱንም እንዲያሟሉ ግዴታ አድርገዋል። ጉግል ብዙ የሚለው በቀን 5,000 ያህልና ከዚያ በላይ ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2025 ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል። የነቀምቴ ነጋዴ በቀን 5,000 ደብዳቤ ባይልክም ደብዳቤው የሚያንኳኳው የእነዚሁኑ ድርጅቶች በር ስለሆነ ሦስቱንም ማሟላቱ ይበጀዋል።

እዚህ ላይ የነፃ አድራሻ ጉዳይ ይነሣል። በነፃ የጂሜይል አድራሻ የተጻፈ ደብዳቤ ከዚያው ከጂሜይል ሲላክ የጉግል ማኅተም ስላለው ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ያንኑ አድራሻ ይዞ በሌላ ድርጅት ሰርቨር በኩል የዋጋ ዝርዝር የሚበትን ነጋዴ ስሙና ማኅተሙ አይስማሙለትም። ከዚህም ሌላ አድራሻውን የከፈተው ጸሐፊ ሥራ ሲለቅ ቁልፉን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የራስ ዶሜይን፣ በ«ኢቲ» የሚያልቀውም ሆነ ሌላው፣ የድርጅቱ ንብረት ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል ለዶሜይንም ይሠራል፤ ስሙ በመልካም ሲታወቅ የሚልከው ሁሉ ይታመናል፣ አንድ ጊዜ ሲጎድፍ ግን እውነተኛው ደብዳቤ ሳይቀር ይጠረጠራል። የከተማዋን ስም አንዱ ነቀምት፣ ሌላው ነቀምቴ፣ የቡና ገበያው ለቀምቲ ቢላት ሰው አንድ መሆናቸውን ያውቃል፤ ለኮምፒዩተር ግን በአንድ ፊደል የሚለይ ስም ሌላ ስም ነው። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ መርጦ በእርሱ መጽናት ያስፈልጋል።

በወለጋ ከተሞች የሚሠሩ ባለሙያዎች ሌላም ፈተና አይተዋል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ፣ በምዕራብና በቄለም ወለጋ እንዲሁም በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ኢንተርኔት፣ በብዙ ስፍራም ስልክ ጭምር ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቷል። ላኪ ሰርቨሮች በር ዘግቶ ለጠበቃቸው ተቀባይ በተለምዶ እስከ 4 ወይም 5 ቀን ድረስ እየደጋገሙ ይሞክራሉ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሱታል። እንግዲህ የመልእክት ሰርቨሩን በነቀምቴ ቢሮው ውስጥ ያኖረ ድርጅት በእንደዚህ ያለ ጊዜ የሚላክለት ሁሉ ይመለስበታል። ሣጥኑን መስመር በማይቋረጥበት ስፍራ ያኖረ ግን መስመሩ ሲከፈት ደብዳቤዎቹን ተሰልፈው ያገኛቸዋል። መስመር በተመለሰ ማግሥትም የተጠራቀመውን በአንድ ሰዓት ውስጥ መልቀቅ የአጭበርባሪን ጠባይ ስለሚመስል፣ አስቸኳዩን አስቀድሞ ቀሪውን በየቀኑ ከፋፍሎ መላክ ይሻላል።

ማኅተሙ ቢሟላም ምግባር ከጎደለ በሩ ይዘጋል። ጉግል ከ1,000 ተቀባዮች 3ቱ «ይህ ስፓም ነው» ብለው የሚያመለክቱበትን ላኪ አይታገሥም፤ ከ1 በታች እንዲሆንም ይመክራል። ስለሆነም ከዚህም ከዚያም በተለቀመ ዝርዝር ማስታወቂያ መላክ የራስን ስም መሸጥ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሠራጨትን በወንጀል ያስጠይቃል። የሞቱ አድራሻዎችን ከዝርዝር መሰረዝ፣ ጉዳዩን በግልጽ የሚናገር ርእስ መጻፍ፣ «አልፈልግም» ለሚል ተቀባይ ቀላል መውጫ መስጠትና ከባድ ምስሎችን መቀነስ የጨዋ ላኪ ምልክቶች ናቸው።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ ከአቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ይመዘገባል፤ ቁልፉም በአንድ ሠራተኛ እጅ ብቻ አይቀርም። ቀጥሎ ዝርዝሩና ማኅተሙ በመዝገቡ ላይ ይሰፍራሉ። ዲማርክ በ«ይለፍ» ተጀምሮ ዘገባው ለጥቂት ሳምንታት ይነበባል፤ የተረሳ መልእክተኛ ካለ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፤ ከዚያም ወደ «ይገለል»፣ በመጨረሻም ወደ «ይመለስ» ይደረሳል። በችኮላ «ይመለስ» ያለ ድርጅት የራሱን የሒሳብ ክፍል ደብዳቤዎች ሊያስመልስ ይችላል።

የመጨረሻው ግዴታ የሰው እንጂ የኮምፒዩተር አይደለም። ውል፣ የዋጋ ማቅረቢያ ወይም የባንክ ሒሳብ የያዘ ደብዳቤ ከተላከ በኋላ ተቀባዩን በስልክ «ደረሰዎ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ ያመጣ ኢሜይልም ቀድሞ በታወቀ ስልክ ሳይረጋገጥ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም። የቀድሞው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤ ሲያስረክብ በማስረከቢያ መዝገቡ ላይ ያስፈርም ነበር፤ ያ ፊርማ እስኪገኝ ድረስም ደብዳቤው ደርሷል አይባልም ነበር። ያን ጥንቃቄ ለኢሜይልም ያዋለ ጽሕፈት ቤት በነቀምቴም ሆነ በደምቢ ዶሎ ቃሉ ከታሰበለት ሰው ዘንድ ይደርስለታል።