«ሮጬ ደክሜያለሁ፤ ልከተብ ወይስ ልቆይ?»

(በመገናኛ አካባቢ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ክበባችሁ ካስቀመጠው የጥያቄ ሣጥን ውስጥ ከደብተር የተቀደደች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ወጣች። እንዲህ ትላለች፦ «እሁድ ሩጫ ነበረኝ። እግሬ እስካሁን ዝሏል፣ አፍንጫዬም እየፈሰሰ ነው። በዚህ ሳምንት ክትባት ብወስድ ይጎዳኛል? ጓደኛዬ ደምሽ ደክሟል፣ መርፌ እንዳትነኪ ትለኛለች።» ስም አልተጻፈባትም፤ መጻፍም የለባትም፣ ሣጥኑ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ሶሺዮሎጂ ነው። ስለ ሕክምናው የምነግራችሁ ባለሙያዎች ያጠኑትንና የሚመክሩትን ነው። ስለ መርፌው ግን በሥራዬ ያየሁትንም እጨምራለሁ።

ጥያቄዋ ትንሽ እንዳትመስላችሁ። ከመገናኛ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የምታዩት የእንጦጦ ተራራ ጫፉ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወደዚያ የሚወጣው ወጣት ስንት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ምናልባት እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥም አላችሁ። በ1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የጀመረው፣ የመጀመሪያውንም ራሱ ያሸነፈው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚካሄደው ደግሞ በኅዳር ነው። 10 ኪሎ ሜትር ለሠለጠነ አትሌት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሳምንት ብቻ ተለማምዶ ለሚወጣ ተማሪ ግን ትልቅ ጉዞ ነው።

ኅዳር ስል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» የሚሉትን ሰምታችኋል? በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ነበር ይባላል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠልና ከተማው በጭስ ሲታፈን የምታዩት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ያኔ በሽታው ከቆሻሻና ከመጥፎ አየር የሚመጣ መስሏቸው ነበር። በሳልና በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። (በነገራችን ላይ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ ለሯጭማ ጨርሶ!)

ስለዚህ መጀመሪያ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛን እንለይ። እኛ ሁለቱንም «ጉንፋን» እንላቸዋለን። ተራው ጉንፋን አፍንጫ ያፈሳል፣ ያስነጥሳል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ነው የሚጥለው፦ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰብር የሚመስል ሕመም። ሯጭ ላይ ሲመጣ ደግሞ ያታልላል። «ሩጫው ነው የሰባበረኝ» ተብሎ ይታለፋል። የሩጫ ሕመም ጡንቻ ላይ ነው፤ ትኩሳትና ሳል አያመጣም። ልዩነቱን ከዚህ ያዙት።

«ደምሽ ደክሟል» የሚለው ነገርስ? ከጓደኛዋ አባባል ውስጥ እውነት ያለበት አለ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ከተማ 56 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ውድድር አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ከሯጮቹ 33 ከመቶ ያህሉ የጉሮሮና የአፍንጫ ሕመም እንደያዛቸው ሲናገሩ፣ ካልሮጡት ግን 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ የታተመው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የሎስ አንጀለስ ማራቶን በኋላም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ከዚያ ተነስቶ «ከረጅም ሩጫ በኋላ የሰውነት በር ለሰዓታት ክፍት ይሆናል» የሚል አስተሳሰብ ለብዙ ዓመታት ገነነ። ምክንያቱም ሩጫው ካበቃ በኋላ ደም ውስጥ ያሉት የአንዳንድ ነጭ ደም ሕዋሳት ቁጥር ሲቀንስ ይታያል።

በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን «ቆይ እስቲ፣ እነዚህ ወታደሮች ሞቱ ወይስ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ አልሞቱም፤ ከደም ወጥተው ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጀት፣ ለቅኝት የተሰማሩ ናቸው ይላሉ። ሯጮቹ ከያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ውስጥም ከፊሉ በቫይረስ ሳይሆን በደረቅ አየርና በአቧራ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀሪው ደግሞ ከውድድሩ ዙሪያ ካለው ሁኔታ ይመጣል፦ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀት፣ የሺህ ሰው ግፊያ። በእኔ አስተያየት ለእኛ አገር ሯጭ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከሩጫው ቀን ማታ እስከ ሌሊት ይጨፈራል፣ ጠዋት ባዶ ሆድ ይወጣል፣ ሲመለስ መገናኛ ላይ አሥራ ሁለት ሰው የጫነ ታክሲ ውስጥ ይገባል። አንዱ ያስላል። ሌላው «መስኮቱን ዝጉት፣ ላቤ ነው፣ ብርድ ይመታኛል» ይላል። ይዘጋል! ምች እንዳይመታን ስንፈራ የሰውየውን ሳል ተካፍለን እንወርዳለን። ላባችሁን ጠርጉ፣ ደረቅ ልብስ ቀይሩ፣ መስኮቱን ግን ክፈቱት።

እዚህ ላይ የክበባችሁ ዋና ጉዳይ ይመጣል። ሩጫ የሚያመጣው ድካም ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ነው፤ ሰውነት በልቶና ተኝቶ ይመለሳል። ኤች አይ ቪ የሚያደርገው ሌላ ነው። ሲዲ 4 የሚባሉትን፣ ሌሎቹን ወታደሮች የሚያዙትን ሕዋሳት ገብቶ ያጠፋል፤ መድኃኒት ካልተጀመረ ዕረፍት ብቻውን አይመልሳቸውም። ሁለቱን «ደም መድከም» ብላችሁ አንድ ላይ አትጠቅልሉ። ክትባትም የሚሠራው በእነዚሁ ወታደሮች ነው። ጠላቱን ሞቶ ወይም ተቆራርጦ ያሳያቸዋል፣ እነሱም መልኩን ያጠናሉ። የሞተ ቫይረስ ያለበት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ኢንፍሉዌንዛ ሊያስይዝ አይችልም። መከላከያው እስኪዳብር ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ መካከል የተያዘ ሰው «ክትባቱ አሳመመኝ» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን አይደለም።

አሁን ወደ መልሱ። ሮጦ መድከም ብቻውን ክትባትን ለመተው ምክንያት አይሆንም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የዴንማርክ ጥናት አለ። ስፖርተኞቹ ዋኝተው፣ በብስክሌት ተጉዘው፣ በመጨረሻም 21 ኪሎ ሜትር ሮጠው ነበር። እንግዲህ ከዚህ በላይ ድካም የት አለ? ይህን ከጨረሱ በኋላ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዲፍቴሪያና የሳንባ ምች ክትባት ተሰጣቸው። ሰውነታቸው ያመረተው መከላከያ ካልተወዳደሩት ሰዎች አላነሰም። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከኢንፍሉዌንዛ ወይም ከኮቪድ ክትባት በኋላ 90 ደቂቃ ያህል መለስተኛ እንቅስቃሴ ማድረግ መከላከያውን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የጎንዮሽ ሕመሙንም እንደማይጨምር ጽፈዋል። መለስተኛ ነው ያልኩት፤ እርምጃ፣ ዘና ያለ ብስክሌት።

አፍንጫ መፍሰስስ? እሱም አይከለክልም። ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ግን ትኩሳቱ እስኪወርድ መቆየት ነው። ከውድድር በኋላ አንድ ሁለት ቀን ብታሳልፉ ደግሞ የሚከፋ ነገር የለውም። ክትባት ራሱ የክንድ ሕመምና ቀለል ያለ ትኩሳት ለአንድ ሁለት ቀን ሊያመጣ ስለሚችል የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ለማወቅ ይረዳችኋል። አንድ ነገር አደራ፦ ሯጭ ውሃ ሳይጠጣ፣ ቁርስ ሳይበላ ለክትባት አይሰለፍ። በእናንተ ዕድሜ ከመርፌ በኋላ ራስን መሳት የተለመደ ነው። 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ የሚባለው ለወግ አይደለም።

«የትኛው ክትባት?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ለመናገር የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ ይሰጣቸው የሚላቸው ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ የጤና ባለሙያዎችና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ጨምሮ የቆየ ሕመም ያለባቸው ናቸው። እናንተ ዘንድ የሚደርሱት ሌሎች ናቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ አለ። ለሴቶች የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አለ። የመጀመሪያውን «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ አስቀርቶታል ስትሉኝ በጣም ነው የሚያናድደኝ። መካን አያደርግም። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት በማኅፀን በር ካንሰር የመያዟ ዕድል ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ታናሽ እህታችሁ «የስፖርት ቀን ነበር፣ ደክሞኛል» ብላ ያንን መርፌ ብታልፈው ያለፋት ይህ ነው።

መርፌ ስል ሁሉም መርፌ አንድ እንዳይመስላችሁ። በሥራዬ የማገኛቸው ወጣቶች ለክትባት ያንገራግራሉ፤ ከሩጫ በኋላ ግን «ቶሎ የሚያነሳ» መርፌ ፍለጋ ሰፈር ውስጥ ወደሚወጋ ሰው ይሄዳሉ። ቫይታሚን ነው ይባላሉ፣ ብልቃጡን ግን አያዩትም። አንዱን «መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ አይተሃል?» ብዬ ብጠይቀው «ኧረ እሳቸው የታወቁ ናቸው» አለኝ። መታወቅ መርፌን አያጸዳም! ሌላ ሰው የተወጋበት መርፌ ኤች አይ ቪን ብቻ ሳይሆን የጉበት ቫይረሶችንም ያስተላልፋል፤ እነሱ እንዲያውም ከኤች አይ ቪ በበለጠ ቀላል በሆነ መንገድ። የክትባት ሲሪንጅ አንድ ጊዜ ከተገፋ በኋላ ራሱን የሚቆልፍ ነው፤ ቢፈለግም ሁለተኛ አይሠራም። ወዲያው ወደ ካርቶን ሣጥኑ ይጣላል። ቆማችሁ ማየት መብታችሁ ነው፤ ነርሷም አትቀየማችሁም።

ግሉኮስ ማስተከልም እንደዚያው ነው። ለሮጠ ሰው ውሃ፣ ምግብና እንቅልፍ ይበቃዋል። ወደፊት አትሌት መሆን የምታስቡ ደግሞ ይህንን ያዙ፦ በዓለም የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት ያለ ሆስፒታል ሕክምና በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ የተከለከለ ነው። ክትባት ግን አይከለከልም። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊካሄድ ሲል በ2013 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ራሱ ለአትሌቶች የኮቪድ ክትባት እንዲቀርብ አድርጓል።

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ወጣት ይሮጣል ወይ ላላችሁት፣ ይሮጣል! መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው እንጦጦን ሲወጣ ከኋላው ሆናችሁ ልታለከልኩ ትችላላችሁ። እንጦጦ ስል ጸበሉም አለ። ድሮ ብዙዎች ጸበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ፣ መድኃኒቱ እየተወሰደ ጸበሉን መጠቀም እንደሚቻል ተናግረዋል። ክትባትም እንዲሁ ነው፤ የሞተ ቫይረስ ያለበት ክትባት ለእነሱም ይሰጣል። በሕይወት ያለ፣ ግን የተዳከመ ተሕዋሲ ያለባቸው ክትባቶች ላይ ግን ሲዲ 4 በጣም ዝቅ ካለ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልግ ለክትትል ባለሙያ መንገር ይገባል። ለተሰለፈው ሰው ሁሉ መንገር ግዴታ አይደለም፤ ለባለሙያዋ ብቻ፣ ለብቻ።

ከመድረክ ከመውረዴ በፊት ከኋላ የተነሳውን ጥያቄ ልመልስ፦ «ተከትቤ በማግስቱ እንጦጦ ልውጣ?» ክንዱ ብቻ ከሆነ የሚያምህ፣ ቀስ ብለህ ልትሮጥ ትችላለህ፤ ፑሽ አፑን ተወው። ትኩሳት ካለህ ግን አትውጣ። በትኩሳት ላይ ጠንክሮ መሮጥ የልብ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ ለክትባት ትኩሳት ብቻ ሳይሆን ለኢንፍሉዌንዛም፣ እንዲያውም ለእሱ ይበልጥ የሚሠራ ነው። ከጓደኛህ ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ዋጥ አድርገህ እንዳትወጣም፤ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ዝንጅብልና ማር ጠጣ፣ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ፣ ወይም ደረትህን ከያዘህና ትንፋሽ ካጠረህ፣ የሩጫ ጫማህን ትተህ በነጠላ ጫማም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ።