የግሸን ጉዞ መዋጮና የባንክ መግለጫ



የመስከረም 21 ቀን በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች በርካታ የጉዞ ማኅበራት በአምባሰል ወደምትገኘው ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ይነሣሉ። ለጉዞው የሚያስፈልገው መዋጮ ግን ከነሐሴ ጀምሮ ይሰበሰባል። ቀድሞ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በደብተር ይሰፍር ነበር። ዛሬ አብዛኛው በባንክ፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር ጭምር ይገባል። ገንዘብ ያዡም ብዙውን ጊዜ በሌላ ሙያ የሚተዳደር፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል አባል በመሆኑ ሒሳቡን የሚይዘው በግል ኮምፕዩተሩ ነው። አምስት መቶ ብር የጎደለ እንደሆነ የሚጠየቀው ኮምፕዩተሩ አይደለም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ የገንዘብ ያዡ መዝገብና የባንኩ መግለጫ የሚታረቁበት መንገድ ነው። ሁለቱ ስለ አንድ ገንዘብ የተጻፉ ቢሆኑም ጸሐፊዎቻቸው የተለያዩ ናቸው። ለማኅበሩ ሀብት የሆነው ተቀማጭ ለባንኩ ዕዳ ነው፤ ስለዚህ በአንደኛው መዝገብ በዴቢት በኩል የሚቆመው ቁጥር በሌላው በክሬዲት በኩል ይቆማል። ይህንን ያልተረዳ ጀማሪ ገና በመጀመሪያው ገጽ ይደናገራል።

በአገራችን ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣላው ቀኑ ነው። ለሕዝብ በነጻ የሚታደለው ግኑካሽም ሆነ በሒሳብ ቤቶቻችን ስሙ የታወቀው ፒችትሪ የሚሠሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ይቆጥራል። መስከረም 21 በአብዛኛው ኦክቶበር 1 ይውላል። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ግን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው ሁሉ፣ ወደ ኦክቶበር 2 ይሻገራል። አንድ ጊዜ የተጻፈን የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ በየዓመቱ የሚገለብጥ ሰው እዚህ ላይ በአንድ ቀን ይስታል። ከዚህ የባሰም አለ። ከባንክ የተገኘው መግለጫ ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ ቀኑ 01/10/2025 ተብሎ ተጽፎ ከሆነና ፕሮግራሙ በአሜሪካ ልማድ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ፣ በበዓሉ ዕለት የገባው ገንዘብ በጃንዋሪ 10 ማለትም በጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከፈለ ሆኖ ይመዘገባል። ድምሩ አይዛባም፤ የመስከረም ሒሳብ ግን ይጎድላል።

ሌሊቱም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ አባል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቢልክ፣ ቀን የሚለወጠው ጎሕ ሲቀድ ነው ብሎ የሚያስብ ገንዘብ ያዥ ባለፈው ቀን ይጽፈዋል፤ ባንኩ ግን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ወደ አዲሱ ቀን አልፏል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ይኸውም በፕሮግራሙ የቀን ሣጥን ውስጥ ባንኩ የሰጠውን ቀን ማስፈር፣ የኢትዮጵያን ቀንና የከፋዩን ስም በመግለጫው ዓምድ ማስቀመጥ ነው። ስም ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ጸሐይ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ልጅ በእናቱ ስልክ የሚከፍልበትም ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝውውሮች ላይ በኤፍ ቲ ፊደላት የሚጀምረው መለያ ቁጥር ከስም ይልቅ የታመነ ምስክር ነው።

ለማስረጃ ያህል አንድ የታሰበ ሒሳብ ይቅረብ። በመስከረም 20 ቀን መዝገቡ 168,040 ብር፣ የባንኩ መግለጫ 212,350 ብር ያሳያል እንበል። ልዩነቱ 44,310 ብር ሲሆን ለሚመለከተው ሁሉ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ለአውቶቡስ ባለቤት የተሰጠው የ45,000 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም፤ እርሱ ከባንኩ ቁጥር ሲቀነስ 167,350 ብር ይቀራል። በሌላ በኩል ባንኩ የወሰደው የ150 ብር የአገልግሎት ክፍያ በመዝገቡ አልሰፈረም፤ ሲቀነስ 167,890 ብር ይሆናል። አሁን የቀረው ልዩነት 540 ብር ነው። ይህ ቁጥር ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የቀድሞ ሒሳብ ሠራተኞች ይህንን ሲያዩ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ተፈልጎም ይገኛል፤ 2,170 ብር የከፈለ አባል 2,710 ተብሎ ተጽፏል።

ብዙ ፕሮግራሞች እዚህ ቦታ ላይ ሌላ መንገድ ያቀርባሉ፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የ540 ብር «ማስተካከያ» ገብቶ ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል። ለግል ኪስ ሒሳብ ምናልባት ይቻል ይሆናል። ለማኅበር ሒሳብ ግን የተሳሳተውን መዝገብ እንዳለ ቀብሮ ማለፍ ነው፤ ያ አባል 540 ብር ትርፍ ከፍሏል ተብሎም ሊመለስለት ይችላል።

ቴሌብር ደግሞ ተቃራኒውን ስሕተት ያመጣል። መዋጮው በቴሌብር ሲገባ ገቢ ተብሎ ይጻፋል፤ በኋላ የተጠራቀመው ወደ ባንክ ሲዛወር እንደገና ገቢ ከተባለ ማኅበሩ በወረቀት ላይ ብቻ ባለጠጋ ይሆናል። ቴሌብር እንደ ራሱ ሣጥን ተቆጥሮ፣ ወደ ባንክ የሄደው በዝውውር ሊመዘገብ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የባንኩ መግለጫ አይሳሳትም ማለት አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፕዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ለማውጣት ችለው ነበር፤ ባንኩም ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ደክሟል። የራሱን መዝገብ የያዘ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠቅሰው ቁጥር ይኖረዋል።

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የአውቶቡሱ ባለቤት ቼኩን ከበዓሉ መልስ ቢመነዝር፣ ገንዘብ ያዡ በጥቅምት በሚያገኘው መግለጫ ላይ 45,000 ብር ወጪ ሆኖ ያየዋል። ያን ጊዜ በመዝገቡ አጠገብ የተመሳከረ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት ያኖርና፣ ሁለቱን መግለጫዎች ከማስታረቂያው ወረቀት ጋር አያይዞ ለማኅበሩ ተቆጣጣሪ ያስረክባል።