የእንጨት ቅርጽ ክበባችን የአንድ ዓመት ሥራ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ክበባችን እንድናገር የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ጸሐፊያችን ሰዓቱን ፊቴ አስቀምጦታልና መግቢያ አላበዛም። የእንጨት ቅርጽ ክበቡ ባለፈው ዓመት ምን ሠራ፣ ምን አበላሸ፣ ገንዘቡስ የት ገባ የሚለውን እነግራችኋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ፤ እሱ የክበቡ ሳይሆን የራሴ ዕዳ ነው።

እንደምታስታውሱት ነገሩ የተጀመረው በአግዳሚ ወንበሮቻችን ነው። በአንድ ለቅሶ ላይ ሦስት እናቶች የተቀመጡበት አግዳሚ እግሩ ተሰብሮ ከነነጠላቸው መሬት ወረዱ። እግዜር ይመስገን፣ የተጎዳ አልነበረም። ግን በሐዘንተኞቹ ፊት ሳቅ ተነሣ፤ ያ ሳቅ እስካሁን ያሳፍረኛል። ኮሚቴው የፕላስቲክ ወንበር ይገዛ ወይስ የድሮው ይጠገን እያለ ሲከራከር፣ ጡረታ የወጣን አራት ሰዎችና ሥራ ያላገኙ አሥር ልጆች «እስቲ እኛ እንሞክረው» አልን። ከግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለው የቆርቆሮ ክፍል ተፈቀደልን። ዕድሩ የሰጠን ገንዘብ ለሚስማር፣ ለኮላና ለብርጭቆ ወረቀት የሚበቃ ነበር፤ መጋዙን፣ መሮውንና ሞርሳውን ከየቤታችን አዋጣን።

መቼም የእንጨት ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያሳለፍነው እንጨት በማበላሸት ነው ብል ውሸት አይሆንም። ከልጆቹ አንዱ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በነፃ አገኘና ገና እርጥብ ሳለ ሰባት በርጩማ ቀረጽንበት። በኩራት ደርድረናቸው ሄድን። በሳምንቱ ስንመለስ አምስቱ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተተርትረው፣ የቀሩት ሁለቱ ተጣመው ጠበቁን። ባሕር ዛፍ ለድንኳን ምሰሶና ለአጥር ደግ ነው፤ ለቅርጽ ግን ሲደርቅ ጠባዩ ክፉ መሆኑን ያወቅነው እንዲህ ከስረን ነው።

አስተማሪያችን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ስማቸውን አሁን አልጠራም። ልጆቹ «አባባ» ይሏቸዋል፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከወንዙ ማዶ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬ እዚህ አዳራሽ የሉም፤ ለምን እንደሌሉ በኋላ እመጣበታለሁ። በር ላይ ቆመው የተሰነጠቁትን በርጩማዎች አዩና «እንጨቱን መቼ አስተኛችሁትና!» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ገቡ፤ እነሆ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ አልቀሩም።

ያስተማሩን ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ ልናገር። ግንድ ሲደርቅ ውሃው ፈጥኖ የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር መሃሉ ገና እርጥብ ስለሆነ እንጨቱ ራሱን ይቀድዳል። ስለዚህ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ለመጥረቢያ ይመቻልና ቅርጹን በጥሬው ያወጡታል፤ ግን አንድ አውራ ጣት ያህል ውፍረት ይተዉለታል። የግንዱን እምብርት ያስወግዳሉ። ጫፉን ሰም ይቀቡትና ሳጋቱራ ውስጥ ቀብረው በጥላ ያስተኙታል። ከወራት በኋላ ሲወጣ ነው መሮና ሞረድ የሚነካው። ልጆቹ መጀመሪያ ይህን ሲሰሙ አኮረፉ፤ ዛሬ የጀመሩትን ዛሬ ካልጨረሱ ደስ አይላቸውማ! በጥቅምት ያስተኛነውን በግንቦት ስናወጣ ግን አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም፤ ያን ቀን ጩኸታቸው እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ።

አንድ ቀን ደግሞ ትንሿ አባላችን «የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር ብቻ ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ መልስ አልሰጡም። አንድ ባለ አራት እግር ወንበርና አንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዘው ደጅ ወጡና ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። አራት እግሩ ተንገዳገደ፤ ሦስት እግሩ ቀጥ አለ። መሬቱ ምንም ያህል ጎርባጣ ቢሆን ሦስት እግር ሁልጊዜ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። እንግዲህ እኛ ድንኳን የምንተክለው በኮብልስቶንና በአቀበት ላይ አይደለም ወይ? በዚህ ምክንያት ለአረጋውያን የሚሆኑ አሥራ ሁለት ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች ሠርተን ለግምጃ ቤቱ አስረክበናል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈሉ በመሆናቸው እንጨት ይበላሉና ከዚያ በላይ አልቻልንም።

ስለ እንጨቱ የጠየቃችሁን ስላላችሁ መልሱን ልስጥ። ዋንዛ ለምን አትጠቀሙም ትላላችሁ። ዋንዛ ለመሮ የሚታዘዝ፣ መልኩም የሚያምር እንጨት መሆኑን አጥተነው አይደለም። ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው እያለቁ ስለሆነ ነው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ተተክቷል፤ የዛፎቹ ነገር ግን አልተሻሻለም። እኛ ከየት እንደመጣ የማናውቀውን ዋንዛ አንገዛም ብለን ወሰንን። የሠራነው በግቢ ውስጥ ተተክሎ በባለቤቱ ፈቃድ በተቆረጠ ግራቪሊያ ነው። ለመጥረቢያና ለመዶሻ እጀታ ብቻ ከአንድ አባላችን ግቢ የወደቀ ወይራ አግኝተናል።

በጥር ወር ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ጎበኘን። ቤቱ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው። እዚያ ዕቃው የተደረደረው በሰው ልጅ ዕድሜ ተራ፣ ከልደት እስከ ሞት ነው። ልጆቹ የእንጨት ትራሶቹ ጋ ተጣብቀው ቀሩ። እኛ ሽማግሌዎቹ ስለ ሞት በሚናገረው ክፍል ቆምን፤ የዕድር ሰው ወዴት ይሄዳል! እዚያው ቆመን ጋሼ ስለ ኮንሶ ዋካ አጫወቱን። ኮንሶዎች ለጀግና ሰው ከእንጨት ምስል ቀርጸው መታሰቢያ ያቆማሉ፤ ከጎኑ ሚስቶቹንና የጣላቸውን ጠላቶች ያቆሙለታል። ብዙዎቹ ዋካዎች ተሰርቀው ለውጭ አገር ሰዎች ተሽጠዋል፤ የተረፉትንና የተመለሱትን ለመጠበቅ እዚያው ኮንሶ ሙዚየም ተሠርቷል። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጋሼ ይህን ነግረውን ሲያበቁ «ለሟች የተቀረጸ እንጨት ይሰረቃል፤ ቀራጩን ግን ማን ይሰርቀዋል፣ ማንም አይፈልገው» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አደጋ አልጠፋም። አንድ ልጃችን እንጨቱን በሞርሳ ከማሰር በእጁ ይዞ ሲወጋ መሮው ስቶ መዳፉን ቀደደው። ተሰፋ፣ ዳነ፣ ወጪውን ክበቡ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ መሮ ወደ እጅ አቅጣጫ የሚገፋ ሰው ለአንድ ሳምንት ሳጋቱራ ጠራጊ ይሆናል። እኔም ሁለት ጊዜ ጠርጌአለሁ። ሒሳቡ በኦዲተሩ ታይቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏልና ጊዜ አልፈጅም፤ ዕዳ የለብንም።

አሁን ወደ አግዳሚዎቹ ልምጣ። አርባ ስድስት ነበሩ። ሠላሳ ስምንቱ ተጠግነዋል፤ አሁን የተቀመጣችሁባቸው ናቸው። አምስቱን አፍርሰን ለሌሎቹ እግር አደረግናቸው። ሦስቱ ይቀራሉ። የመጀመሪያውን አግዳሚ ገልብጠን እግሩን ስንነቅል ከሥሩ በመሮ የተወጉ ሦስት ጭረቶች አገኘን። ሁለተኛውም ላይ አለ። ልጆቹ ምንድን ነው ሲሉ ጋሼ «የእኔ ምልክት ነው» አሉ። እነዚህን አግዳሚዎች በ1974 ዓ.ም. በቀን ሙያተኛነት የሠሯቸው እሳቸው ናቸው። ከመሃላችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ዕድር ልግባ ብለው ጠይቀው «መዝገቡ ተዘግቷል» ተባሉ። አሁን መዝገቡን አውጥቼ አየሁት። ከጠየቁበት ወር በኋላ ዘጠኝ ስም ተጽፎበታል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ከሰባ ዓመት በኋላም በሠፈራችን እንጨት ጠራቢ ጋር በአንድ መዝገብ መጻፍ የሚጠየፍ ሰው ነበረ። እነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ነፍስ ይማር። በእነሱ ላይ ጣቴን አልቀስርም፤ ምክንያቱም እኔም አለሁበት።

በ1987 ዓ.ም. የጋሼ ባለቤት አረፉ። ያኔ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ማለዳ ቤቴ መጥተው ድንኳኑንና አግዳሚዎቹን በኪራይም ቢሆን ስጡኝ አሉኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ደንቡ አይፈቅድም» አልኳቸው። እሺ ብለው ሄዱ። ለቅሶውን የተቀመጥነው ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ጥላ፣ በድንጋይና በተገለበጠ ሳጥን ላይ ነው። እሳቸው የሠሯቸው አርባ ስድስት አግዳሚዎች ተቆልፎባቸው ነበር። በዚህ ዓመት ከእኔ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሠሩ ይህን አንድ ቀን አላነሡብኝም። እኔ ነኝ ያነሣሁት፤ በሰኔ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ። «አስታውሳለሁ» አሉኝና መሮአቸውን መሳል ቀጠሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በደንባችን መሠረት ዛሬ የሚገባ ሰው ከዕድሩ ጠቅላላ ሀብት የሚደርስበትን ድርሻ በመግቢያ መልክ ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ለእሳቸው ከባድ ነው። የሠላሳ ስምንት አግዳሚ ጥገና፣ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ማስተማር እንደ መግቢያ ይቆጠርላቸው። ይህ ያንሳል የሚል ካለ፣ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የጠፋባቸውን አብሮ ያስላልኝ። ወርሃዊውን መዋጮ ግን እንደማናችንም እከፍላለሁ ብለዋል፤ በምሕረት መግባት አይፈልጉም። ለማመልከትም አይመጡም። «አንድ ጊዜ መጥቼ ጠይቄአለሁ። አሁን መዝገቡ ወደ ቤቴ ከመጣ እፈርማለሁ» ነው ያሉት። እኔ ተገቢ ነው እላለሁ። ጉባኤው ከፈቀደ ነገ እሑድ ከጸሐፊው ጋር መዝገቡን ይዘን ወንዙን እንሻገራለን፤ አብሮን የሚመጣ ካለ ደስ ይለናል።

ሊቀ መንበር፣ እባክዎ ድምፅ ይሰጥበት። እጅ ስታወጡ ብቻ በስተግራ ያላችሁት ቀስ ብላችሁ ተነሡ፤ የኋለኛዎቹ ሁለት አግዳሚዎች ኮላ ገና አልደረቀም።