ኢንተርኔት በመብራት ሽቦ፤ ለሰቆጣ የድንጋይ ቤቶች



አገራችን ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው በጥር 1989 ዓ.ም. ነበር። አገልግሎቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ እዚህ ሰቆጣ እስኪደርስ ስንት ምሰሶ እንደተተከለና ስንት ገደል እንደታለፈ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም መብራቱም ስልኩም ተቋርጦ ዞናችን ዋግ ኽምራ ለረጅም ጊዜ በጨለማና በዝምታ መቆየቱን የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ መስመር ቤታችን ከገባ በኋላ በሳሎንና በጓዳ መካከል ባለች አንዲት ግድግዳ ተሸንፎ ሲቀር ማየት ያንገበግበኛል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያች የመጨረሻ ዐሥር ሜትር ነው።

የሰቆጣ ነባር ቤት የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ግንበኛው ድንጋዩን አንድ በአንድ እየመረጠ በጭቃ አያይዞ የካበው፣ ቀን የሚያቀዘቅዝ፣ ሌሊት የሚያሞቅ። ለዚህ አገር ብርድና ፀሐይ ከዚህ የተሻለ ቤት አላውቅም። ዋይፋይ ግን ሬዲዮ ነው። ራውተሩ የሚረጨው ሞገድ በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ የሚርገበገብ ሲሆን፣ ከፍ ባለው ላይ ፍጥነት ይገኛል፤ ግድግዳ የመሻገር አቅሙ ግን ይደክማል። ወፍራም ድንጋይ ከሞገዱ ከፊሉን መልሶ ከፊሉን ይውጠዋል። በክረምት ጭቃው እርጥበት ሲጠጣ ደግሞ የሚውጠው ይጨምራል። በጓሮ የሚሠሩት የቆርቆሮ ክፍሎችም አይሻሉም፤ ብረት የሬዲዮ ሞገድን አያሳልፍም።

ስለዚህ ልጁ ላፕቶፑን ታቅፎ በር ሥር ይቀመጣል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ከኮምፒውተርና ከኢንተርኔት ጋር ቤቱ ሆኖ ተረጋግቶ ያልተለማመደ ተማሪ ከሌላው እኩል ነው ማለት አልችልም።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዱ የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ነው፤ ከሁሉም የሚሻለውም እሱ ነው። ነገር ግን በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ በመሰርሰሪያ ሲመታ አንዱ ድንጋይ ሌላውን ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ የአያቱን ቤት የሚወድ ሰው ይህን አይፈቅድም። ሌላው የዋይፋይ ማጉያ ማስቀመጥ ነው። ማጉያው ግን የደረሰውን ነው የሚያስተላልፈው፤ ደካማ ከደረሰው ደካማውን ያስተላልፋል። ሦስተኛው ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁበት ነው። ያንን ግድግዳ ቀድሞ ያለፈ፣ እያንዳንዱ ክፍል የደረሰ አንድ ሽቦ በየቤታችን አለ፤ የመብራቱ ሽቦ።

መሣሪያው ፓወርላይን አዳፕተር ይባላል። ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፤ መጠኑ ከትልቅ ቻርጀር ብዙም አይበልጥም። አንደኛው ራውተሩ አጠገብ ያለ ሶኬት ላይ ይሰካና በአጭር ኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው በጓዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ከእሱ የሚወጣው ኬብል ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ዋይፋይ የሚረጭ ዓይነትም አለ፤ ስልክ ለሚጠቀሙ የሚመቸው እሱ ነው። ሌላ ሽቦ አይዘረጋም፤ ግድግዳም አይነካም።

ታዲያ መብራቱና መረጃው በአንድ ሽቦ ላይ እንዴት አይጋጩም? የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አዳፕተሩ የሚልከው ምልክት ደግሞ በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን እስከ 28 ሚሊዮን ጊዜ በሚመላለስ ሞገድ ላይ ነው፤ በአዲሶቹ መሣሪያዎች ከዚህም ይበልጣል። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ አንዱን ከሌላው መለየት ለመሣሪያው ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ሽቦው ለዚህ ሥራ አለመሠራቱ ነው። በአንዱ የሞገድ ክፍል ላይ የሆነ ቻርጀር ይረብሻል፣ በሌላው ላይ አምፖል። መሐንዲሶቹ ያገኙት ዘዴ መረጃውን በአንድ ሞገድ አለመጫን ነው፤ ከ900 በላይ በሆኑ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ ይበትኑታል። ከዚያ መሣሪያው የእያንዳንዱን ጤንነት እየመረመረ ለጸጥተኛው ብዙ፣ ለተረበሸው ጥቂት ይሰጣል፤ የዋግ ገበሬ ለሙን ማሳ ለጤፍ፣ ድንጋያማውን ለማሽላ እንደሚመድበው። ምርመራው በየጊዜው ይደጋገማል፤ ማታ ቤቱ ሁሉ መብራት ሲያበራ ድልድሉ ይለወጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በከፍተኛ መስመሮቻቸው ላይ ድምፅ እየላኩ ጣቢያ ከጣቢያ ይነጋገሩ ነበር። ወደ ቤት የገባው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ሆምፕላግ የተባለው የአምራቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ተቋቁሞ በዓመቱ ያወጣው የመጀመሪያ ደረጃ በሴኮንድ 14 ሜጋቢት ነበር። በ2005 ወደ 200 ከፍ አለ፤ በ2010 ደግሞ ዓለም አቀፉ የመሐንዲሶች ማኅበር አይትሪፕልኢ 1901 የተባለውን ደረጃ አጸደቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። መብራት ካለ ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ ከመብራት ኃይል አይመጣም ወይ? አይመጣም። ተሞክሮ ነበር። በአሜሪካ የቨርጂንያ ግዛት የማናሳስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 በከተማው የኤሌክትሪክ መስመር ለነዋሪው ሁሉ ኢንተርኔት መስጠት ጀመረች፤ በ2010 አቆመች። ምልክቱ ትራንስፎርመር አያልፍም፤ ስለዚህ በየትራንስፎርመሩ ማሻገሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ ራሱ አንቴና ሆኖ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ተጠቃሚዎችን ይረብሻል። በዚያ ላይ ፋይበርና የሞባይል ኢንተርኔት በዋጋም በፍጥነትም ቀደሙት። ለከተማ ያልሆነው ለአንድ ቤት የሚሆነው መንገዱ አጭር፣ ትራንስፎርመር የሌለበት ስለሆነ ነው።

በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚያልፍ ኢንተርኔት ግን አለ። ውኃው እስከ ዋግ ኽምራ ወረዳዎች የተኛው፣ በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 300 ሜጋዋቱ የተከዜ ግድብ ኃይል የሚያወጣባቸውን ዓይነት ትልልቅ ምሰሶዎች አይታችኋል። እንዲህ ባሉ ከፍተኛ መስመሮች ጫፍ ላይ ለመብረቅ መከላከያ የሚዘረጋው ሽቦ ብዙ ጊዜ በውስጡ የፋይበር ክር ይይዛል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ይህን ፋይበር ለቴሌኮም ድርጅቶች ያከራያል። እዚያ ላይ መረጃው የሚሄደው በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ነው፤ መብራቱ በሚሄድበት ብረት ላይ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት ያለቦታው ተስፋ ያስደርጋል። አዳፕተሩ ኢንተርኔት አያመጣም፤ ሳሎን የደረሰውን ወደ ጓዳ ያደርሳል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ብዙዎቹ አዳፕተሮች የግንኙነቱን ጥራት የምታሳይ ትንሽ መብራት አለቻቸው፤ አረንጓዴ ከሆነች ጥሩ ነው፣ ብርቱካናማ ከሆነች መካከለኛ፣ ቀይ ከሆነች ደካማ። በአንድ የድንጋይ ቤት ይህችን መብራት እያየሁ ብዙ ተምሬአለሁ። መጀመሪያ አዳፕተሩን ከቴሌቪዥኑና ከቻርጀሮቹ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካነው፤ ቀይ ሆነች። ነቅለን ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ስንሰካው ብርቱካናማ ሆነች። ከዚያ የቤቱ እመቤት አጠገቡ የነበረውን ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነቀሉት፤ አረንጓዴ! ገንዘብ አልወጣም፣ ባለሙያ አልተጠራም። ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አዳፕተር በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። ደግሞ ለፍሪጅ ብለን ከምንገዛው ስታብላይዘር ወይም ከመብራት መጠበቂያ ዲቫይደር ኋላ ፈጽሞ አይሰካም፤ እነዚህ መሣሪያዎች ባዕድ ሞገድን የሚያፍኑ ስለሆኑ መረጃውንም አብረው ያፍኑታል።

ከቻርጀሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሽቦው መጋጠሚያ ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በየቤቱ የተለመደ ነው። አምፖል እስከበራ ድረስ ማንም አያስበውም። የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ ግን በዚያች በላላች መጋጠሚያ ከፍተኛ ኃይል ያልፋል፤ ትሞቃለች፣ ውስጥ ለውስጥ ትተኩሳለች፣ የምትተኩሰውም ለአዳፕተሩ ጩኸት ነው። ምጣዱ ራሱ ጥፋት የለበትም። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት ቤት ካለ፣ አዳፕተሩን ከመውቀሱ በፊት ኤሌክትሪሻን ጠርቶ መጋጠሚያውን ያስፈትሽ። ያ ምልክት ከኢንተርኔት በፊት ስለ እሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎቻችን እዚህ እንዲገኙ አጥብቄ የለመንኩት።

ሦስት ፌዝ በገባበት ሕንፃ፣ ለምሳሌ በሆቴልና በወፍጮ ቤት፣ ሁለቱ አዳፕተሮች በተለያየ ፌዝ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ያኔ ምልክቱ ይደክማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። በአንድ ፌዝ የሚጠቀም ተራ መኖሪያ ቤት ይህ ችግር የለበትም።

ስለ ፍጥነቱም የሻጭን ቃል ብቻ አትያዙ። ካርቶኑ ላይ 600 የተጻፈበት መሣሪያ የኬብል መሰኪያው ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው ከ100 ሜጋቢት አይበልጥም፤ ያም በጥሩ ሽቦ ላይ ነው። በእኛ ቤቶች ከዚያም ሲሶው እንኳ ከተገኘ እንደ መልካም ዕድል ይቆጠር። ግን ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቤት የደረሰው ኢንተርኔት 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ 30 ሜጋቢት የሚያሳልፍ አዳፕተር ከበቂ በላይ ነው።

በአንድ ግቢ ባለቤትና ተከራይ በአንድ ቆጣሪ መጠቀማቸው የከተማችን ልማድ ነው። ለዚህ መሣሪያ ይህ በረከትም ጥንቃቄም ነው። በረከቱ፣ ግቢው በሙሉ በአንድ ሽቦ የተሳሰረ ስለሆነ በጓሮ ክፍል ያለች ተማሪ ተከራይም ልትገናኝ መቻሏ ነው። ጥንቃቄው ደግሞ ይህ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፋብሪካ የሚወጡት አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይዘው ነው፤ ጎረቤት ተመሳሳይ መሣሪያ ቢሰካ ሳታውቁት መስመራችሁ ላይ ሊገባ ይችላል። መከላከያው መሣሪያው ጎን ያለችውን የማጣመሪያ ቁልፍ መጫን ነው፤ አንደኛውን ተጭናችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛውን ትጫናላችሁ፤ ከዚያ ጥንዱ ለራሱ አዲስ ምስጢራዊ ቁልፍ ያበጃል። ሰክቶ መተው ይቻላል ብላችሁ ይህችን እንዳትዘሏት።

መብራት ሲጠፋስ? አዳፕተሩም ይጠፋል። ራውተሩን በትንሽ ባትሪ ማቆየት ይቻላል፤ የጓዳውን አዳፕተር ግን የሚመግበው ያው ሶኬት ነው። ቤቱን በሙሉ የሚያስነሳ ጄነሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ያለው ሰው ይጠቀማል፤ ሌላው መብራት እስኪመጣ ወደ ሳሎን ይመለሳል። ስለዚህ ለጤና ተቋምና ለትምህርት ቤት ይህን መሣሪያ አልመክርም፤ እነሱ ኬብል ይገባቸዋል፤ በየብሎኩ የተዘረጋ፣ በባትሪ የተደገፈ። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ አዳፕተሩንም ራውተሩንም ከሶኬት ንቀሉ።

በመጨረሻ አዲስ ቤት ለምትሠሩ፤ ጦርነቱ ያፈረሰባችሁም ከእናንተ መካከል አላችሁ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቀድሞ ለተሠራ ቤት ነው። እናንተ አዳፕተር አያስፈልጋችሁም። ግድግዳው ሲነሣ ከመብራት ሽቦው ቱቦ ሌላ አንድ ባዶ ቱቦ ከሳሎን ወደ እያንዳንዱ መኝታ ቤት ይግባ፤ ውስጡ ኬብል የሚጎተትበት ሲባጎ ይተውበት፤ ከመብራቱ ቱቦ ትንሽ ራቅ ይበል። ግንበኛው ድንጋዩን ከመካቡ በፊት ንገሩት፤ ከካበ በኋላ ቢጠየቅ ያለ ማፍረስ ሊሠራው አይችልም።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ጥንዱ አዳፕተር እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ከአዳራሹ ሁለት ጫፍ ሰክተን አብረን እንሞክረዋለን።